ፎርሙ ላይ የጻፍኩት መንደር

ይሄን የምጽፈው እንድታምኑኝ አይደለም። ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም አላምንም። ግን ሆኗል... በጠራራ ፀሐይ፣ በሥራ ሰዓት፣ በእኔ በራሴ ላይ።

ማክሰኞ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። የማዘጋጃ ቤቱ ምድር ቤት፣ መዝገብ ቤት፣ የእኔ ጠረጴዛ።

ሰዓቱን ያወቅኩት ግድግዳው ላይ እያየሁ ስለነበር ነው። ለመውጣት ሁለት ሰዓት ቀርቶኛል... ስልኬ ጠራ።

ስለ ስልኩ ከመንገሬ በፊት ግን የሠራሁትን ልናዘዝ። ካልተናዘዝኩ ታሪኩ አይገባችሁም።

መዝገብ ቤት መሥራት ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ሰው የልደት ወረቀቴ ጠፋ፣ የአባቴ የቤት ካርታ ጠፋ ብሎ ይመጣል፣ በመስታወቷ መስኮት በኩል ስሙን ይነግረኛል፣ እኔ ከመደርደሪያዎቹ መሀል ገብቼ አወጣለሁ። የወረቀት አቧራ ጣቴን አድርቆታል። አፍንጫዬም ለምዶታል። ባለጉዳዮቹ “ያቺ ሴትዮ መርፌ ብትጠፋ ታገኛለች” ይላሉ።

እቤት ግን እንዲህ የሚለኝ የለም።

አንድ እህት አለችኝ። በስድስት ዓመት ታንሰኛለች። ፀጉር ሠሪ ናት፣ ሳቂታ፣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ የሚወዳት። እናቴ “ብርቄ” ነው የምትላት። እኔን “ትልቋ” ትለኛለች።

ትልቋ፣ ውሃ አምጪ። ትልቋ፣ በሩን ዝጊው። ትልቋ፣ መድኃኒቴን የት አደረግሽው?

ብርቄ ግን... ብርቄ ናት። ምንም አታመጣም፣ ምንም አትዘጋም። ስትገባ የእናቴ ፊት ይበራል። በቃ።

እሷ ከተወለደች ጀምሮ፣ አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ ያንን ፊት ከጎን ሆኜ ነው ያየሁት።

አንድ እሑድ ምሳ ላይ እናቴ ስለ አያቷ አነሳች። አያቷ ግንበኛ ነበሩ። በወጣትነታቸው ከሌላ አገር ተሰደው የመጡ ሰው ናቸው። ከየት እንደመጡ ግን ማንም አያውቅም። ለሚስታቸው አንድ አገር፣ ለልጃቸው ሌላ አገር ነግረዋል። አባቷም፣ ማለት የኔ አያት፣ ይሄን ሲጠይቁ ኖረው ሳይመለስላቸው ሞቱ።

“እኔም እንደ አባቴ ሳላውቅ ልሞት ነው” አለች እናቴ። ጉልበቷን እያሻሸች።

እኔ ጭልፋ ይዤ ቆሜያለሁ። ልቤ ዘለለ። አሁን ወደ እኔ ትዞራለች አልኩ። በዚህች ከተማ የሰው ዘር ወረቀት ውስጥ ስትቆፍር የምትውለው ማን ናት? እኔ!

“ብርቄ፣ እስኪ አንቺ ፈልጊልኝ” አለች።

ጭልፋው እጄ ላይ ቀረ።

“ትልቋማ ሥራ አለባት” ብላ ጨመረች። በደግነት ነው የተናገረችው። ያ ደግነቷ ነው ያቃጠለኝ።

እህቴ ሦስት ወር ዞረች። ከአክስቶች ሳጥን ውስጥ ወረቀት ለቀመች። ዘመድ ሁሉ ለእሷ መደወል ጀመረ። እሑድ እሑድ ሰማያዊ ማኅደሯን ይዛ እናቴ አጠገብ ትቀመጥና ሁለቱም ተጎንብሰው ያያሉ። እኔ ሳህን አጥባለሁ።

ከዚያ አንድ ቀን መስኮቴ ላይ መጣች። እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ ተሰልፋ።

“ትልቋ፣ ግራ ገባኝ። እስኪ አንቺ እይው” አለችና ሦስት ወረቀት አሳየችኝ። የጋብቻ ወረቀት፣ የሥራ ፈቃድ፣ የሆስፒታል ካርድ። በአንደኛው ላይ የትውልድ ቦታ ከባሕር ማዶ ያለ ወደብ ነው። በሁለተኛው የተራራ ከተማ። በሦስተኛው... “አይታወቅም”።

“ለእኔ ተዪልኝ፣ እፈልግልሻለሁ” አልኳት።

እውነቴን ነው፣ ፈለግኩ። አራት ቀን። ምንም የለም። ሰውየው ከሰማይ የወረዱ ይመስል ከዚያ በፊት ዱካ የላቸውም።

በአምስተኛው ቀን ከታችኛው መደርደሪያ ስር አንድ ካርቶን ወጣ። ውስጡ ያልተሞሉ የድሮ የነዋሪ መመዝገቢያ ፎርሞች። ቢጫ የሆኑ። የተሰረዘ ማኅተምም አብሮ አለ።

ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም። በሰይጣን ማላከክ አልወድም። ቅናት ነው።

ፎርሙን ሞላሁት። የእናቴን አያት ስም ጻፍኩ። የትውልድ ቦታ በሚለው ላይ የሌለ መንደር ስም ፈጠርኩ። የስሙን ግማሽ ከሳል ሽሮፕ ጠርሙስ፣ ግማሹን ከጫማ ቀለም ቆርቆሮ ላይ ነው የወሰድኩት። እዚህ አልጽፈውም። ሁለተኛ የትም አልጽፈውም።

አድራሻ፦ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሦስተኛው በር።

ይሄን ስጽፍ በሩ ዓይኔ ላይ መጣ። አረንጓዴ፣ ከታች በኩል በቆርቆሮ የተለጠፈ። በሩ ላይ አንድ ጆሮ የሌለው ውሻ ተኝቷል። ይሄን ግን ፎርሙ ላይ አልጻፍኩም። ለማንም አልተናገርኩም። እንዲሁ በሐሳቤ ነው።

የአባት ስም የሚለውን ባዶ ተውኩት። የእናት ስም የሚለውንም። የድሮ ወረቀት ሁሉ ጎዶሎ ነው፣ ሙሉ ቢሆን ያስጠረጥራል። ማኅተሙን መታሁ፣ ዋናውን ካርቶኑ ውስጥ መለስኩ፣ ፎቶ ኮፒውን ለእህቴ ሰጠኋት።

ምን አስቤ ነው? ትሮጣለች፣ መንደሩን ታጣዋለች፣ አፍራ ትመለሳለች። እናቴም “መጀመሪያውኑ ትልቋን መጠየቅ ነበረብን” ትላለች። ያቺን አንድ ቃል ነበር የፈለግኩት።

ወይም ለራሴ የምነግረው እንደዚያ ነው።

እህቴ ኮፒውን ስታይ በመስኮቱ ቀዳዳ እጄን ስባ ሳመችው። እሑድ እናቴ አለቀሰች። ወረቀቱን ደረቷ ላይ አድርጋ አለቀሰችና... ብርቄን አቅፋ ሳመቻት።

ያገኘሁት እኮ እኔ ነኝ። የውሸቱ ምስጋና እንኳን ለእሷ ሄደ።

በሳምንቱ እህቴ መጣች። “ካርታ ላይ የለም” አለችኝ።

ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዞርኩ። ሳቄን እንዳታይ።

“ግን መናኸሪያ አንድ ሾፌር አውቀዋለሁ አለኝ።”

“የቱ ሾፌር?”

“አንድ ሽማግሌ። የሚገርምሽ...” ድምፅዋን ቀነሰች። “የመንደሩን ስም ሳልነግረው ነው የነገረኝ። ‘ወደዚያ ነሽ አይደል?’ ብሎ ስሙን ጠራልኝ።”

ሾፌሩ ያታልላታል፣ ወስዶ የሆነ ቦታ ይጥላታል ብዬ አሰብኩ። አትሂጂ ማለት ነበረብኝ።

“በደህና ግቢ” አልኳት።

እሑድ ሄደች። ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ... ስልኬ ጠራ።

“ትልቋ! አገኘሁት!”

“ምኑን?”

“መንደሩን ነዋ! ወፍጮ ቤቱ አለ። ከጀርባው ቆሜያለሁ። አንድ... ሁለት... ይኸው ሦስተኛው በር!”

“በሩ... ምን ዓይነት ነው?”

“አረንጓዴ። ከታች ደግሞ ቆርቆሮ ለጥፈውበታል። ምነው?”

ፎርሙን ወደመለስኩበት ካርቶን ዞርኩ።

“ውይ፣ ውሻቸውን ብታዪው! እግሬ ስር ተኝቷል። አንድ ጆሮ የለውም፣ ያሳዝናል።”

ጠረጴዛዬ ላይ ተደገፍኩ። ከስልኩ ጀርባ ነፋስ የለም። ዶሮ የለም፣ የሰው ጫጫታ የለም። አንድ ድምፅ ብቻ ነበር... የወረቀት መገለጥ የሚመስል።

“ሁሉም ወጥተው ሳሙኝ፣ ትልቋ። የኛ ልጅ መጣች አሉ። ቅድመ አያትሽ ከዚህች በር ወጥቶ ነው የሄደው አሉኝ። እያለቀሱ ነው!”

አሁን ፈራች ትላላችሁ። አልፈራሁም። በመጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት አይደለም።

የፈጠርኩት እኔ። ወጥተው የሳሙት እሷን።

እዚያም ብርቄ ሆነች።

ረቡዕ፣ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ እንደገና ደወለች። በዚህኛው ጊዜ በሹክሹክታ ነው።

“ትልቋ... ይሰማሻል?”

“ይሰማኛል። ምነው ታንሾካሽኪያለሽ?”

“ሰዎቹ ውሃ አይጠጡም።”

“ምን ማለት ነው?”

“ጉድጓድ የለም። ወንዝ የለም። ከየት ትቀዳላችሁ ብዬ ጠየቅኳቸው። ዝም ብለው አዩኝ። ሁሉም... በአንድ ጊዜ።”

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት።

“አንዷን ልጅ የማን ልጅ ነሽ አልኳት። ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ‘አልተጻፈም’ አለችኝ።”

ያኔ ነው ጀርባዬን ብርድ የወረረኝ። ወንዝ አልጻፍኩም። የአባት ስም አልጻፍኩም።

“ውጪ ከዚያ። አሁኑኑ ውጪ!”

“በየት በኩል?” አለች። “የመጣሁበት መንገድ... የለም እኮ።”

“ስሚኝ። መንደሩ የለም። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ፎርሙን እኔ ነኝ የሞላሁት፣ ውሸት ነው፣ ሁሉም ውሸት ነው!”

የወረቀቱ ድምፅ ብቻ።

“አውቃለሁ” አለችኝ። “ነገሩኝ።”

“ምን አሉሽ?”

“‘እህትሽ ጽፋ ተወችን’ አሉኝ። ‘የጻፈችን ስለምትቀናብሽ ነው’ አሉ።”

ትንፋሿ ይሰማኛል።

“እውነት ነው እንዴ... ትልቋ?”

አይደለም ማለት አንድ ቃል ነው። አፌ ላይ ነበረች።

ዝም አልኩ። መስመሩ ተቋረጠ።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆነ። ስልኩ አልጠራም። ዐሥር ሰዓት ሆነ። ደወልኩ፣ ደወልኩ፣ ቁጥሩ አገልግሎት ላይ አይደለም ይላል።

ካርቶኑን ጎተትኩና ዋናውን ፎርም አወጣሁ።

ከታች፣ የቤተሰብ አባላት በሚለው ሰንጠረዥ ላይ፣ አንድ ስም አለ። ባዶ ትቼው ነበር፣ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ። አሁን ግን የእህቴ ስም ከነአባቷ ከነአያቷ ተጽፏል። የትውልድ ቦታ... ያ መንደር።

ጽሑፉ የእኔ ነው። ጫፏን የምጠመዝዛት ፊደል ሳትቀር።

በጣቴ ነካሁት። ቀለሙ እርጥብ ነበር።

ልቀደው ያዝኩት። እጄ ግን እምቢ አለ። ብቀደውና... እሷ ውስጡ ብትሆንስ?

ሮጬ የእህቴን የልደት ማኅደር ፈለግኩ። ራሴ ነኝ የደረደርኩት፣ ጨለማ ውስጥም አገኘዋለሁ። ማኅደሩ አለ። ቁጥሩ አለ። ውስጡ ባዶ ነው።

ቦርሳዬን አንስቼ ወደ እናቴ በረርኩ።

እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። በዚያ ጉልበቷ ከወንበር ከተነሳች ስንት ጊዜዋ! ስታየኝ ፊቷ በራ።

ያ ፊት። ለእኔ።

“ብርቄ፣ መጣሽልኝ?”

“እማዬ፣ እኔ ነኝ... ትልቋ ነኝ።”

“ትልቋ ደግሞ ማን ናት?” አለችና ሳቀች። “ከአንቺ ሌላ ማንን ወለድኩ?”

“እማዬ... ብርቄስ?”

“ብርቄማ አንቺ ነሽ። ምን ነካሽ፣ ራበሽ እንዴ? ነይ ግቢ።”

አስቀመጠችኝ። ራሷ አቀረበችልኝ። ፀጉሬን ከግንባሬ ላይ መለስ አደረገችና “ከስተሻል” አለችኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያ ነክታኝ አታውቅም።

እንድጮህ ትጠብቃላችሁ። ልጅሽ ጠፍታለች ብዬ ደረቴን እንድመታ።

እውነቱን ልንገራችሁ? ደስ አለኝ።

ሁለቴ ጨመረችልኝ። ሁለቴም በላሁ።

ስወጣ እናቴ ከመደርደሪያው ላይ ማበጠሪያ አነሳች። የእህቴ ነው። ጥርሱ መሀል ረጅም ፀጉሯ ተጠምጥሞ አለ።

“ይሄ የማን ነው?” አለች፣ እያገላበጠች።

“የእኔ ነው” አልኳት።

ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ከዚያ በኋላ ዐሥራ አንድ ቀን አለፈ። በየቀኑ ከሥራ ወደ እናቴ እሄዳለሁ። በየቀኑ በሩ ላይ ትጠብቀኛለች። ነገ አንድ ነገር አደርጋለሁ እላለሁ። ነገ ፎርሙን ለአለቃዬ አሳያለሁ፣ ነገ መናኸሪያ ሄጄ ሾፌሩን እፈልጋለሁ... ነገ። ከዚያ እናቴ ትስቅልኛለች፣ ነገሩም ለነገ ያድራል።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ጥበቃው ወደ ምድር ቤት ወረደ። ሽማግሌ ነው፣ ቀልድ የሚወድ። ያን ቀን ግን አልቀለደም።

“እህቴ፣ ባለጉዳዮች መጥተዋል።”

“ይግቡ።”

“ገብተዋል” አለኝ። “በየት እንደገቡ ግን አላየሁም። በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ እኮ።”

ቀና አልኩ።

ኮሪደሩ ሞልቷል። ሰልፉ ከመስኮቴ ተነስቶ ደረጃው ድረስ ይሄዳል። ወንድ፣ ሴት፣ አሮጊት። አይነጋገሩም። አይስሉም። እያንዳንዳቸው ቢጫ ፎርም ይዘዋል።

የመጀመሪያው ሽማግሌ ፎርሙን በመስታወቱ ስር አሾለከልኝ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል።

“የቀረውን ሙዪልን” አለኝ።

የአባት ስም... ባዶ። የእናት ስም... ባዶ።

ከኋላው ያለችው ሴት አንገቷን አሰገገች። “ወንዝም ጻፊልን። ትንሽ ብትሆንም።”

ፎርሙን መለስኩለት። ሽማግሌው ሳይቆጣ ተቀበለኝና ወደ ጎን ቆመ። የሚቀጥለው ቀረበ። እሱንም መለስኩት። ሌላም። ሌላም።

ከዚያ... እህቴ ቀረበች።

ፀጉሯ በደንብ ተበጥሯል። ልብሷ ያው የሄደችበት ነው። ከንፈሯ ግን እንደ ሽማግሌው ተሰነጣጥቋል። አየችኝ። አላወቀችኝም።

“ይቅርታ ያድርጉልኝ” አለችኝ። እኔን... አንቱ አለችኝ። “እኔ የቀረኝ አንድ ቦታ ብቻ ነው።”

ፎርሙን አሾለከችው። ሁሉም ተሞልቷል። አንድ መስመር ብቻ ነው ባዶ።

የእናት ስም።

“አላስታውስ አለኝ” አለች። አፍራ ፈገግ አለች። “እርስዎ ያውቁ ይሆን?”

እስክሪብቶ አነሳሁ። ሦስት ቃል ነው፣ ስም ከነአባት ከነአያት። ለመጻፍ አምስት ሰከንድ አይፈጅም። የመጀመሪያዋን ፊደል ጫፍ ጀመርኩ...

ስልኬ ጠራ።

“ብርቄ” አለች እናቴ። “ዛሬ ቶሎ ትመጫለሽ? በሩ ላይ ቆሜ ነው የምጠብቅሽ።”

በመስታወቱ በኩል እህቴ እስክሪብቶዬን እያየች ነው። ትጠብቃለች። ቆንጆ ናት። ከንፈሯ ተሰነጣጥቆም ቆንጆ ናት።

“እመጣለሁ፣ እማዬ።”

እስክሪብቶውን ክዳኑን ገጠምኩበት። መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት። “ለዛሬ አገልግሎት አብቅቷል” የሚለውን ካርድ አንስቼ መስታወቱ ላይ አቆምኩ።

ማንም አልተቆጣም። ማንም አልሄደም።

“ማን አለ አጠገብሽ?” አለች እናቴ።

“ማንም የለም።”

“ማንም?”

“ማንም የለም፣ እማዬ። ብቻዬን ነኝ።”

“ታዲያ... ‘እማዬ፣ እማዬ’ የሚለኝ ማነው?”

ቀና ብዬ እህቴን አየኋት። አፏ ተዘግቷል። ከኋላዋ የተሰለፉትን አንድ በአንድ አየሁ። የማንም አፍ አልተንቀሳቀሰም።

በስልኩ ውስጥ ግን... የእህቴን ድምፅ እኔም ሰማሁት።

ድምፁ የሚመጣው ከእናቴ በኩል ነበር። ከቤት ውስጥ።